ከድንኳን ድንኳን

በደርግ ጊዜ ነው። ከፖሊስነት በጡረታ ተገልዬ ቤት ስውል የፒያሳ ነጋዴዎች በምስጢር ቀጠሩኝ። ከጊዮርጊስ በታች ሱቆች እየተቃጠሉ፣ ውስጥ የሚያድሩ ሁለት ዘበኞችም ሞተው ነበር። እኔም እሳት የለኮሰው ሰው፣ እንዳይጠረጠር ሲል ልቅሶ መድረሱ አይቀርም ብዬ፣ ጋቢዬን ደርቤ የሟቾቹን ድንኳን እየዞርኩ ንፍሮ መቆርጠም ያዝኩ።

አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ከሁለቱም ልቅሶ አልጠፋም። አያለቅስም፣ ንፍሮ አይቀምስም፤ ዝም ብሎ ሰው ሰው ያያል። በሌላ ቀን አምስት ኪሎ አየሁትና ተከተልኩት። ድንኳን ገባ፤ ገባሁ። የማን ልቅሶ እንደሆነ እንኳ ሳልጠይቅ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እግዜር ያጽናዎት። ዘመድ ነዎት?» አልኩት።

«የለም፣ እኔ ድንኳን አከራይ ነኝ። ንብረቴን ነው የምጠብቀው» አለኝ በእርጋታ። «እርስዎን ግን የሄድኩበት ልቅሶ ሁሉ አገኝዎታለሁ። የማን ወገን ነዎት?»

ቶሎ ብዬ ዋሸሁ። «ሟች አብሮ አደጌ ነው፤ ጃንሜዳ ኳስ ስንጫወት ነው ያደግነው።»

ሰውዬው ቀስ ብሎ ተነሣና በር ላይ የቆሙትን አብዮት ጠባቂዎች ጠራ።

«ጓዶች፣ እስቲ ኑ! ከሟቿ እማሆይ ጋር ኳስ ስንጫወት አደግን የሚሉ ሰው እዚህ አሉ።»