ጅሎ ያልመረጠበት ምርጫ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው አልሞተበትም፤ ቤት አልተቃጠለበትም። በሞያሌ ምርጫ ሲነሳ ሰው ከሚያወራው ጋር ሲተያይ ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለአባቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ መምህራችን የትውልድ አካባቢያችንን የምርጫ ታሪክ እንድንጽፍ ሲያዙን፣ ጽፌ ጥሩ ማርክ አገኘሁ። «ይህን ሁሉ ከየት አገኘኸው?» አሉኝ። «አባቴ ነግሮኝ» አልኩ። አባቴ የነገረው ግን ለእኔ አልነበረም። ለጅሎ ነበር። እርስዎ የሚያነቡኝ፣ ከዚህ ልጀምር።

አባቴ በፈረንጆች 1991 ከኢትዮጵያ ተሰዶ ወደ ኬንያው ሞያሌ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። እናቴ እዚሁ ኬንያ ያለችው የኦዳ ሰው ናት። አባቴ የስደተኛ ወረቀት እንጂ ኪታምቡሊሾ፣ ማለት የኬንያ መታወቂያ፣ ኖሮት አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ቀን እንኳ መርጦ አያውቅም። ነገር ግን በየምርጫው የሁሉንም ወገን ልብስ ሰፍቷል። የሞያሌን ምርጫዎች የሚያስታውሳቸው በጨርቅ ነው። በ1992 የተሰፋው ቲሸርት ሲታጠብ ቀለሙን ለቆ የሌላውን ወገን ቀለም ስለመሰለ፣ አንዲት ሴት «ባሌ በውሃ ፓርቲ ቀየረ» ብላ መጣች ይላል። እሱ ከመምጣቱ በፊት የሆነውንም ከደንበኞቹ ለቅሟል። በ1988 ሕዝቡ ከእጩው ፎቶ ኋላ እየተሰለፈ ሲመርጥ፣ አንድ ሙሽራ አማቱ ከቆመችበት ሰልፍ መቅረብ ነውር ሆኖበት ሄዶ ከማይወደው እጩ ኋላ ቆመ። በ2013 ደግሞ ለአንድ ሰው ስድስት ወረቀት ሲሰጥ፣ አንዲት ባልቴት «አንዱ ለእኔ ይበቃኛል፤ አምስቱን ለጎረቤቶቼ ልውሰድላቸው?» ብላ ጠየቀች።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። ጅሎ ከሞያሌ ወጣ ብላ የምትገኘው የኬንያ መንደር የጎዶማ ልጅ ነው፤ አክስቱ ቤት አርፎ ከእኔ ጋር ሁለተኛ ደረጃ ይማር ነበር። ከትምህርት ስንመለስ ሱቃችን ገብቶ ከአባቴ ፊት ይቀመጥና ይጠይቃል፣ ይጽፋል። አባቴ ሲያየው ፊቱ ይፈታል። «ፕሮፌሰር፣ እስቲ የት ደረስን?» ይለዋል። እኔን «ቢኒ፣ ክሩን አቀብለኝ» ይለኛል። እኔ ጠይቄው አውቅ ነበር? አላውቅም። ታዲያ በምን ቀናሁ? ለመጠየቅ ያልተጋሁትን ነገር ሌላው ጠይቆ ስላገኘው ቀናሁ። እንዲህ ያለ ቅናት ምን ይባላል?

በ2016 መጨረሻ ሁለታችንም አሥራ ስምንት ሞልቶን መታወቂያ ልናወጣ ተዘጋጀን። አባቴ የሚሰፋውን ሱሪ አስቀምጦ «ጅሎ፣ ልጄ፣ አንተ ስትመርጥ የእኔንም አስበህ ምረጥ። ሃያ አምስት ዓመት ልብሱን ሰፋሁ፤ ሳጥኑን ግን አንድ ቀን አላየሁትም» አለው። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ። እኔም ልመርጥ ነው። ልጁ እኔ ነኝ። ለእኔ ግን አላለኝም።

ድንበር ላይ ስለሆንን መታወቂያ እንዲሁ አይሰጠንም። መጀመሪያ ከቺፉ፣ ማለት ከአካባቢው ሹም፣ ቢሮ ፊት ከዛፍ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች ያጣሩናል፤ የማን ልጅ ነህ፣ ጎሳህ ምንድነው፣ የት ተወለድክ፣ ማን ያውቅሃል ይላሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የእናቴ ወንድም፣ አቡያ የምለው ጋልጋሎ ነበር። ስለዚህ እኔ ቶሎ አለፍኩ። ጅሎም ዘሩን እስከ ሰባት ቆጥሮ ሊጨርስ ነበር። አቡያ ለቀልድ ወደ እኔ ዞረና «ቢኒ፣ ይሄ ጓደኛህ እውነት የጎዶማ ነው? ወይስ ግመል ተከትሎ ጠፍቶ የመጣ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቁ።

«የጎዶማ ነው» ማለት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን «የጎዶማስ ነው አቡያ፤ የተወለደው ግን ማዶ ነው፣ ኢትዮጵያ» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። አልዋሸሁም። እናቱ ምጥ ጠንቶባት፣ የሚቀርበው ሐኪም ቤት ማዶ ያለው ስለነበር ተሻግራ ወለደችው፤ በሦስተኛው ቀን ታቅፋው ተመለሰች። በእኛ ከተማ እንዲህ የተወለደ ብዙ ነው። በማጣሪያው ፊት ግን ይህን ማንም በማንም ላይ አያነሳም፤ ያልተጻፈ ሕጋችን ነው። ምስጢሩን የነገረኝ ራሱ ጅሎ ነበር። ስለ ምጡ ብናገር ኖሮ ሽማግሌዎቹ ይረዱት ነበር። አልተናገርኩም። እያወቅሁ ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት፣ እኔ ነኝ ዝም ያልኩት።

የጅሎን ፋይል ለብቻው አስቀመጡት። ስንመለስ ጅሎ ከቦዳ ቦዳው፣ ከኪራይ ሞተር ሳይክሉ፣ ኋላ ትከሻዬን መታ አድርጎ «አንተ ሞኝ፣ አፍህ ቀደመህ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ስህተት መሰለው። ለአባቴም የእኔን ነገር ደብቆ «ሽማግሌዎቹ አጠበቁ» አለው እንጂ ስሜን አላነሳም። አያቱ በጭነት መኪና ከጎዶማ መጥተው ቢመሰክሩም «የልደት ወረቀት አምጡ» ተባሉ። እውነቱን ልንገርዎት? ደስ አለኝ።

አባቴ ግን ዝም አላለም። አንድ ጠዋት ኮቱን ለብሶ ሊመሰክርለት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አንዱ ሽማግሌ «ባባ ቢኒ፣ አንተ ራስህ እንግዳችን ነህ። እንግዳ ለእንግዳ ይመሰክራል እንዴ?» አለው። አቡያ አንገቱን ደፋ። አባቴ «ልክ ነህ» ብሎ ወጣ። ሱቅ ገብቶ ጨርቅ ሳያስገባ የስፌት መኪናውን ለብዙ ጊዜ ረገጠ። ያኔ ወደ አቡያ ሮጬ ስለ ምጡ መናገር እችል ነበር። የመራጮች ምዝገባ ገና አልተዘጋም ነበር። ለምን አልሄድኩም? ብናገር አባቴ ማን እንደሆንኩ ያውቃላ! ከአባቴ ውርደት የእኔን ስም አስበለጥኩ። ምዝገባው ተዘጋ።

በምርጫው ቀን በማለዳ ተሰልፌ ስድስቱን ወረቀት ተቀበልኩ። ስወጣ አባቴና ጅሎ የምርጫ ጣቢያ ከሆነው ትምህርት ቤት አጥር ውጭ ጎን ለጎን ቆመዋል። አባቴ በጣቴ ላይ ያለውን ቀለም አይቶ «ጎበዝ» አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ናት። ወዲያው ግን ወደ ጅሎ ዞረና ክንዱን ይዞ «አይዞን! በሚቀጥለው እኛም እንገባለን» አለው።

እኛ አለ። ከእነሱ «እኛ» ውስጥ እኔ አልነበርኩም። ሁለቱን በአንድ አጥር ውጭ ያቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ ያን እያወቅሁ፣ እዚያው ቆሜ፣ እንደገና ቀናሁባቸው። እርስዎ ይቅር እንዲሉኝ አልለምንም፤ ይቅርታው የእርስዎ አይደለም። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ለመምረጥ የደረስኩ ሰው ነበርኩ። የምርጫ ጣቢያው በር ጅሎ ሳይገባበት ተዘጋ፤ ማክሰኞ፣ ኦገስት 8 ቀን 2017።