ወደ ጣሪያ የሚወጣው ትሪ

ከድሬዳዋ የተነሳሁት ሰኞ ማለዳ ነው። የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ኮሌጃችን እያንዳንዳችንን ለልምምድ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ልኮ፣ የመሣሪያ ንጽሕናና የታካሚ ደኅንነት እንዴት እንደሚጠበቅ አይተን እንድንመለስ አዝዞናል። ለእኔ ሐረር ደረሰኝ። እናቴ ስትሸኘኝ፣ «ሰው ቤት ሄደሽ ሰው አትጠርጥሪ» አለችኝ። ታውቀኛለች። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ጡት ሳልጥል የተማርኩ ነው የሚመስላት።

ጥርጣሬው መናኸሪያ ውስጥ ጀመረ። የሚኒባሱ ረዳት ሻንጣዬን ላይ ልጫነው ብሎ ሲጎትት፣ እኔም አልሰጥም ብዬ ስጎትት ተሳፋሪው ሳቀብን። በመጨረሻ የዕቃ አስከፍሎኝ እግሬ ሥር ተወልኝ። የደንገጎን ዳገት ስንወጣ የድሬ ሙቀት ከኋላ ቀረ፤ መስኮት ተዘጋ፣ ሹራብ ወጣ። ሐረማያ ላይ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ደርቆ የነበረው ሐይቅ መልሶ ውሃ መያዙን በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔ ግን በልቤ የሰሞኑ ዝናብ ይሆናል አልኩ። አወዳይ የጫት ገበያው መንገዱን ዘግቶት ብዙ ቆምን። ከዚያ በኋላ ሐረር ቅርብ ነው።

ሸዋ በር ስወርድ አክስቴ፣ እትዬ አስካለ፣ ጉንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ይጠብቁኛል። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐረር ውስጥ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። መንጋጋቸው አብጦ ነበር። እኔ የምለማመድበት ክሊኒክ ዶክተር መድኃኒት ሰጥቷቸው፣ እብጠቱ ሲቀንስ ሐሙስ ጥርሱን ሊነቅልላቸው ቀጥሯቸዋል። እትዬ አስካለ ስኳር አለባቸው። ቁስላቸው ከተመረዘ ነገሩ በጥርስ እንደማይቆም ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ በዚሁ ምክንያት ጥርሱን ሲያስታምሙት ነው የኖሩት።

«አሁን ግን አንቺ አለሽ» አሉኝ ዕቃዬን እየተቀበሉ። «አንቺ ያለሽበት ነው ብዬ ነው አፌን የምከፍተው።»

ክሊኒኩ

ክሊኒኩ ከአሮጌው የከተማ ግንብ ውጭ፣ ፎቅ ላይ ነው። ስገባ የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ፤ ወለሉ ያብለጨልጫል። ይህን ያህል የሚያብለጨልጭ ነገር አላምንም። ዶክተሩ ቀልጣፋና ጨዋ ሰው ነው፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የንጽሕና መመሪያ ከላይ እስከ ታች አነበበልኝና ለሲስተር ፈትሒያ አስረከበኝ። እሷ የሐረር ልጅ ናት፤ መሣሪያ ማጠብና ማምከን የእሷ ሥራ ነው። «እርስዎ» ብዬ ስጀምር፣ «አቦ ተይው፣ አንቺ በይኝ» አለችኝ።

አሠራሯ እንከን አይወጣለትም። ወፍራም ጓንት አድርጋ መንቀያ ጉጠቱን በብሩሽ ታሻለች፣ ታጥባለች፣ ታደርቃለች፣ ከዚያ ባንድ ወገን ወረቀት በሌላው ላስቲክ በሆነ እሽግ ውስጥ ትከተዋለች። እሽጎቹ አውቶክሌቭ በሚባለው ማሽን ገብተው በትኩስ እንፋሎት ይቀቀላሉ። በደንብ ሲበስሉ እሽጉ ላይ ያለች ምልክት ቀለሟን ትቀይራለች። ማሽኑ በመጨረሻ እሽጎቹን ራሱ ያደርቃል።

ችግሩ መብራት ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ያው ሰኞ ከሰዓት፣ ማሽኑ እየሠራ መብራት ሄደ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ የዶክተሩ ወንበርና መብራት ሠራ፤ የማሽኑ ክፍል ግን ጨለማ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሲስተር ፈትሒያ ትሪ በሻሽ ሸፍና በጓሮው ደረጃ ስትወጣ አየኋት። ከላይ ጣሪያ እንጂ ሌላ ክፍል የለም። ስትመለስ ባዶ እጇን ነበረች። ማክሰኞም መብራት ሄደ፣ ማክሰኞም ትሪው ወጣ። ምን እንደያዘች ስጠይቃት፣ «የሥራ ነው» ብላ አለፈች።

ጊደር መጋላ

ረቡዕ ከሥራ ስወጣ እትዬ አስካለ ቅመም እንግዛ ብለው ጊደር መጋላ ገበያ ወሰዱኝ። በቅመሙና በእህሉ መሃል አንድ ሰው አሮጌ ብረታ ብረት ዘርግቶ ይሸጣል፤ ከመፍቻው፣ ከቁልፉና ከመቀሱ ጋር አንድ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ተጋድሟል። ከየት እንዳመጣው ስጠይቀው፣ «ከሰው» አለኝ። ትሪው፣ ሻሹ፣ ባዶ እጅ መመለሷ፣ ሁሉም ራሱ ተገጣጠመልኝ። ሲስተር ፈትሒያ የክሊኒኩን ዕቃ በጣሪያ በኩል እያሻገረች ትሸጣለች ብዬ ደመደምኩ። ለእትዬ አስካለ ምንም አልነገርኳቸውም፤ በማግስቱ ቀጠሯቸው ነው።

ጣሪያው ላይ

ሐሙስ ጠዋት መብራቱ እንደ ልማዱ ሄደ፣ ትሪውም ወጣ። በዚህ ጊዜ ተከትያት ወጣሁ።

ጣሪያው ላይ ሰሌን ተነጥፏል። በአንድ በኩል የሕንፃው ባለቤቶች በርበሬ ተሰጥቷል፤ በሌላው በኩል የእኛ እሽጎች በወረቀት ወገናቸው ወደ ፀሐይ ተደርድረዋል። ሲስተር ፈትሒያ ቀጭን ዱላ ይዛ ተቀምጣ እርግቦችን ታባርራለች። አንዱን እሽግ አነሳሁት፤ ወረቀቱ እርጥብ ነው። ሌላው ደርቆ ጫፉ ላይ የወፍ ኩስ አለበት።

አልደነገጠችም። ማሽኑ ቀቅሎ ሲጨርስ፣ ማድረቅ ሳይጀምር መብራት ይሄድበታል፤ እሽጎቹ ረጥበው ይወጣሉ። ታካሚ ይጠብቃል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ ታደርቃቸዋለች። እናቷ በርበሬውንም፣ የሕፃን ጨርቁንም፣ ፍራሹንም በፀሐይ ነው ያነጹት።

«የሐረር ፀሐይ የነካው ነገር ላይ ምን ይቀራል?» አለችኝ። «ምልክቱም ቀይሯል፣ እዪው።»

ምልክቱ እውነትም ቀይሯል። ግን ወረቀት ሲረጥብ ከውጭ ያለውን ጀርም ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ኋላ ቢደርቅም የገባው አይወጣም። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ከታች ዶክተሩ መንቀያ አምጡ ብሎ ተጣራ። እሷ የደረቀ መርጣ ወረደች። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ ያኔ ትዝ አለኝ።

ወንበሩ ላይ

እትዬ አስካለ የማደንዘዣ መርፌ ተወግተው ጉንጫቸው ደንዝዟል። ሲያዩኝ በዓይናቸው ፈገግ አሉ። ዶክተሩ እሽጉን ተቀብሎ ምልክቱን አየና ሊቀድደው ያዘ። የልምምድ ውጤቴን የሚሰጠው እሱ ነው። ታካሚ ፊት ሐኪም ማረም ደግሞ በእኛ ሙያ ነውር ነው።

«ዶክተር፣ ይቅርታ፣ አይክፈቱት» አልኩ። «ከማሽኑ እርጥቡን ነው የወጣው። የደረቀው ጣሪያ ላይ ነው።»

ዶክተሩ ወደ ሲስተር ፈትሒያ ዞረ። እሷም አንድም ሳትደብቅ እንዳለ ነገረችው። ዶክተሩ እሽጉን ሳይከፍት አስቀመጠው። ለእትዬ አስካለ ዛሬ እንደማይነቀል ሲነግራቸው ከወንበሩ ተነሱ፤ የደነዘዘ ከንፈራቸውን በመሐረብ ይዘው፣ ሳያናግሩኝ ወጡ። ቤት ስገባም፣ «በከንቱ አስወጋሽኝ፣ ሰውዬውንም አሳፈርሽ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ዓርብ ዶክተሩ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ሁላችንም ባለንበት ተናገረ። ጄኔሬተሩን ከወንበሩ ጋር ሲያስገናኝ ማሽኑን ረስቶታል፤ እሽጎቹም ደርቀው ስለሚመጡለት የት እንደሚደርቁ ጠይቆ አያውቅም። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ተጠራ፣ እሽጎቹ በሙሉ ተቀድደው እንደገና ሊታጠቡ ወጡ። ሲስተር ፈትሒያ ስታጥብ አጠገቧ ቆምኩ።

«ለምን ተከትለሽኝ ወጣሽ?» አለችኝ።

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። ዕቃ የምትሸጪ መስሎኝ ነው አልኳት። ብሩሹን አስቀመጠች።

«ወላሂ፣ ሌባ ብሆን ይሻል ነበር» አለች። «ሌባ ብሆን የሚጠፋው ዕቃ ነው።»

አፈርኩ። ለእሷም አዘንኩ።

መልስ

ቅዳሜ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። እትዬ አስካለ እስከ ሸዋ በር ሸኙኝ፤ አብሮኝ የመጣው ግን ኩርፊያቸው ነበር። ሻንጣዬን ረዳቱ ላይ ሲጭነው አልተከራከርኩም። ሐረማያ ላይ ሐይቁን አየሁት፤ ብዙ ውሃ አለው፣ የአንድ ሰሞን ዝናብ አይደለም። ሴትዮዋን ጠርጥሬ ተሳስቻለሁ፤ እሽጉን ለመጠርጠር ደግሞ ዘግይቻለሁ። መጀመሪያውኑ ሰውን ትቼ ዕቃውን በእጄ ብዳስስ ኖሮ እትዬ አስካለ በከንቱ አይወጉም ነበር።

ቤት ከገባሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኬ ጮኸ። የእትዬ አስካለ ቁጥር ነው፤ ድምፁ ግን የሲስተር ፈትሒያ።

«አትደንግጪ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ተነቅሏል» አለች። «ጥጥ ነክሰው ነው፣ መናገር አይችሉም። ንገሪያት ብለው በእጃቸው አሳዩኝ።»

«ምን?»

«ዶክተሩ ሊጀምር ሲል፣ እሽጉን በእጄ ካልያዝኩ አፌን አልከፍትም አሉ። ሰጠናቸው። በጣታቸው ዳበሱት፣ ገልብጠው ዳበሱት፣ ከዚያ 'ደረቅ ነው' ብለው አፋቸውን ከፈቱ።» ቀጥላም፣ «ከሳቸው ቀጥሎ የገባውም ሰው፣ እስቲ ለእኔም ስጡኝ አለ።»