ቁስሉ ያልሻረ እስረኛ

በጥልያን ጊዜ ቡሬ ላይ፣ ከምሽጉ ሥር በተሠራ ቆርቆሮ ለበስ ሕክምና ቤት አስታማሚ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ነገር ሲነሳብኝ ለምን ወሬ እንደምለውጥ ልጆቼ ሳይገባቸው አደጉ።

ሥራውን ወድጄ አልገባሁበትም። መንደራችን አርበኛ አሳድሯል ተብሎ ሲቃጠል፣ ከእናቴ ጋር ቡሬ አክስቴ ዘንድ ተጠጋን። መጀመሪያ የሕክምና ቤቱን ጨርቅ አጣቢ ነበርኩ። የአስታማሚዎቹ አለቃ የነበረች አንዲት ጥልያናዊት መነኩሲት እጄ እንደማይንቀጠቀጥ አይታ ቁስል ማጠብና ፋሻ መጠቅለል አስተማረችኝ። ገበያ ስወጣ ባንዳ ናት ብለው ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ ነበሩ።

ሰኔ ሊገባ ሲል አንድ እስረኛ አመጡ። የቋሪት ሰው ነው፤ ከኔ በጥቂት ዓመት ቢበልጥ ነው። ጭኑን በጥይት ተመትቶ ተይዟል። ከሕክምና ቤቱ ጓሮ ካለች ጎጆ አስተኝተው በሯ ላይ ወታደር አቆሙ። ስቅላት ተፈርዶበታል፤ ነገር ግን ሕዝቡ እያየው በእግሩ ሄዶ ገበያ መሐል እንዲሰቀል ስለተፈለገ፣ አስቀድሞ ይዳን ተባለ።

እሱን የማስታመሙ ሥራ ለኔ ደረሰኝ። ጠዋት ጠዋት ውሃ አፍልቼ፣ እንደ ወይን የሚቀላውን መድኃኒት በጥብጬ ቁስሉን አጥባለሁ። በመጀመሪያው ሰሞን ጥሩ ያዘለት፤ ሥጋው ቀላ፣ ጠርዙ መግጠም ጀመረ። አዲስ ነኝና የእጄ ሥራ ሲያምር ደስ አለኝ። ለምን እንደሚድን እያወቅሁ ደስ አለኝ።

አንድ ቀን ሐኪሙ ሊያየው መጥቶ ፋሻውን ሲፈታ፣ ቁስሉ አፈር ለብሷል፤ መግል ቋጥሯል። ወዲያው ቢሮው አስጠራኝ። መነኩሲቷ በአንድ በኩል፣ አስተርጓሚው በሌላው ቆመዋል። ሐኪሙ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው። ቁስሉን ሳታጥቢ ነው የጠቀለልሽው፣ ይህ የመጀመሪያ ተግሣጽሽ ነው አለኝ። አጥቤያለሁ ልል አፌን ስከፍት አስተርጓሚው በዓይኑ ከለከለኝ። ከወጣን በኋላ፣ እዚህ ቤት ለተግሣጽ መልስ የሰጠ ሰው ጥፋቱ ሁለት ይሆንበታል፣ አንገትሽን ደፍተሽ እሺ ማለት ልመጂ ብሎ መከረኝ። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት እሷም ያለችኝ፣ "ዝም አይነቅዝም" ብቻ ነው።

በማግስቱ መነኩሲቷ አጠገቤ ቆማ እያየች አጠብኩ። ቁስሉ እንደገና ጠራ። ሰንብቶ ግን ፋሻው ተፈትቶ ተመልሶ እንደተጠቀለለ አየሁ፤ ቋጠሮው የኔ አልነበረም። በጥፍሮቹ ሥር የጎጆዋ አፈር አለ።

"ወንድሜ፣ ምን እያደረግህ ነው?" አልኩት በሹክሹክታ።

ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "ቁስሌ ከሻረ እኔ እሻራለሁ" አለኝ።

የቅኔ አገር ሰው ነው። ሰሙን ወዲያው ሰማሁ፤ ወርቁ የገባኝ ፋሻውን ጠቅልዬ ስጨርስ ነው። ቀጥሎም ክረምቱ እስኪገባ ብቻ ነው አለ። ጓደኞቹ ሊያስፈቱት ይመጣሉ ማለቱ ይሁን ሌላ ነገር፣ ወታደሩ ብቅ ስላለ አልጠየቅኩትም።

ሐኪሙ ዳግም መግል አገኘበት፤ ሁለተኛው ተግሣጽ የመጨረሻ ተባለ። ከእንግዲህ ቁስሉ ቢቆሽሽ ከእስረኛው ጋር እንዳሴርሁ ተቆጥሬ እታሰራለሁ። አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ መነኩሲቷ ጨርቅ ስቀቅል ብቻዬን አገኘችኝ።

በሰባራ አማርኛዋ፣ "አንቺ ነሽ? እሱ ነው?" አለችኝ።

እሱ ነው ብል እጁን በሰንሰለት ይጠፍሩትና አድነው ይሰቅሉታል።

"እኔ ነኝ" አልኳት።

እጆቼን ይዛ ገለበጠቻቸው። መዳፌን አየች፤ ጥፍሬን አየች። ከዚያ ለቀቀችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። ለሐኪሙ ምንም አልነገረችም።

ክረምቱ ገባ፤ የመጣ ሰው የለም። ጭኑ አበጠ፣ ጠቆረ፤ ሽታው ከልብሴ አልለቅ አለ። ሐኪሙ መጥቶ አየውና ቢቆረጥም አይተርፍም ብሎ ወጣ። ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ ጠዋት ስገባ ዓይኑ ክፍት ነበር።

"ቋሪት ጤፍ ተዘርቶ ይሆን?" አለኝ።

አላውቅም አልኩት። ውሃ ላመጣለት ወጥቼ ስመለስ አርፎ አገኘሁት።

በዚያው ዕለት ተባረርኩ። ሳልታሰር የቀረሁት መነኩሲቷ ለምናልኝ እንደሆነ አስተርጓሚው ነገረኝ። ሬሳውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ቄሱ አስጠርተውኝ እንዴት እንደሞተ ጠየቁኝ። በራሱ ላይ እጁን ላነሳ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት አውቃለሁ። በጥይቱ ቁስል ነው አልኳቸው። ፍትሐት ተደረገለት።

ጥልያን ከወጣ በኋላ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት ከተማ ሕክምና ቤት ሲከፈት እንደገና በአስታማሚነት ተቀጠርኩ። እናቱ ጠይቀው ጠያይቀው ያገኙኝ እዚያ ነው። ልጄን ያስታመምሽው አንቺ ነሽ ብለው እጆቼን አገላብጠው ሳሟቸው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ማር ሲቆረጥ፣ ከቋሪት ድረስ በእግራቸው ማር ይዘውልኝ ይመጡ ነበር። እኔ አልቀምሰውም፤ ለበሽተኞች እሰጠው ነበር።

አንድ ዓመት ማሩን አስቀምጠው፣ ትንሽ ካረፉ በኋላ፣ "ሊድን ይችል ነበር?" አሉኝ።

"ቢድን ይሰቅሉት ነበር፣ እናቴ" አልኳቸው።

"እሱንስ አውቃለሁ። ሊድን ይችል ነበር ወይ ነው ያልኩሽ።"

አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካከሉና እግዜር ይስጥሽ ብለው ወጡ። በሚቀጥለው ጥቅምት አልመጡም።