ዝውውር ሊለምን የሄደው ክንዱ

መምህር ክንዱ ቅዳሜ ጠዋት ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ሲወርድ፣ በዚያ የጥቅምት ብርድ ላብ አጥምቆታል። ድሮ የሠለጠነበት የመምህራን ማሠልጠኛ «የቀድሞ ተማሪዎች ቀን» ብሎ ጠርቶታል። ያመጣው ግን ናፍቆት አይደለም። እሱ ከሊበን ወጣ ብሎ ገጠር ያስተምራል፤ ሚስቱ ሰብሊ ቡሬ። ልጃቸው መሮጥ ጀምራለች፤ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነው። ዝውውር የሚፈርመው ሹም ደግሞ ይርሳው ነው፤ በሥልጠናው ዘመን ከክንዱ በላይ ባለው አልጋ እየተኛ፣ የክንዱን በሶ እየበጠበጠ የወፈረው ይርሳው፤ ዛሬ እሱም ተጠርቷል።

«ብቻውን አግኝተህ ንገረው» ብላዋለች ሰብሊ። «ደግሞ ምላስህን ያዝ።»

ብቻውን! የአብዮታዊ ዴሞክራሲ ሹም ብቻውን ሆኖ ታይቶ ያውቃል? ክንዱ የማሠልጠኛው በር ላይ ጠበቀው፤ የአድርባይ መንጋ ከቦት ገባ። ችግኝ ተከላው ላይ ተጠጋው፤ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ለካሜራ ሲባል የሚተከል ችግኝ ነውና ካሜራው ገፈተረው። ምሳ ላይ ሳህኑን እንደያዘ ወንበር ሲቀያይር ወጡ ቀዘቀዘበት። በመጨረሻ እጅ መታጠቢያው ዘንድ ተገጣጠሙ።

«አንተ ክንዴ! አለህ እንዴ?»

«አለሁ። እንዴት ነህ… እንዴት ነዎት?»

«ነዎት? ተው እንጂ! በሶህን የጨረስኩብህ ሰው እኮ ነኝ!» ይርሳው ሳቀ። አጃቢዎቹም ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባቸው ሳቁ።

«አንዲት ጉዳይ ነበረችኝ…»

«ከትዝታው ፕሮግራም በኋላ» አለና እጁን እያራገፈ ሄደ።

ትዝታው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ስለ ድሮው ዘመን ጨዋታ ይጫወታሉ ተብሎ ነው የታሰበው። ከተቀጠረ ጀምሮ በግምገማ የኖረ መምህር ግን ጨዋታ ከየት ያመጣል? መጀመሪያ የተነሣችው መምህርት ንግሥቴ «በጥንካሬ ያየሁት» ብላ ምግቡን አመሰገነች፤ ቀጥላ «በድክመት ደግሞ ለሂሳብ ትምህርት የነበረኝ አመለካከት የወረደ ነበር» ብላ ግለ ሂስ አድርጋ ተቀመጠች። ተጨበጨበ። ከዚያ ማን ያቁማቸው? አንዱ የድሮ ጓደኛውን ስስት «የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ» አለው። መድረክ መሪው እጅጉ ጭራሽ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ይፈልግ ጀመር።

ክንዱ ወንበሩ እሾህ ሆነበት። በመስኮት የይርሳው ሾፌር ሞተር ሲያስነሣ ይታየዋል።

«መምህር ክንዱ» አለ እጅጉ፤ «አንድ ክፍል ነበራችሁ። ስለ ጓድ ይርሳው አስተያየት የለህም?»

ክንዱ ሊያመሰግን ነው የተነሣው። ውዳሴውን መንገድ ላይ ሲያጠናው ነው የመጣው። «በጥንካሬ፣ ጓድ ይርሳው ዘመድ ይወዳል» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ «በድክመት» የምትለውን ቃል አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። የለመደ አፍ መቼ ይታዘዛል?

«በድክመት፣ ከልክ በላይ ይወዳል። አምና ቡሬ የተገኘውን ክፍት ቦታ ለሚስቱ ወንድም ሰጥቶታል። እኔ ልጄን በስልክ ነው የማሳድጋት።»

ይርሳው ውኃ ተጎነጨ፤ ተነሣ፤ ደረቱን ነፋ አድርጎ «ሂሱን ውጫለሁ» አለ። ከቀኑ ሁሉ የሞቀ ጭብጨባ ተጨበጨበለት። ወዲያው ከነአጃቢው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ገባ። ክንዱ በር ላይ ሲደርስ አቧራው ብቻ ቀርቷል።

የቡሬ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሰብሊ ደወለች።

«አገኘኸው?»

«አገኘሁት።»

«ጠየቅኸው?»

«ገመገምኩት።»

ከኋላዋ ልጅቷ ስታለቅስ ይሰማል።

«ብቻውን?»

«በጉባኤ።»

«አይ አንተ ሰውዬ!» አለች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየለትም። «በል እንግዲህ፣ እኔ ወደ ሊበን ልጠይቅ። ወደዚያ ለሚሄድ ሰው እንኳን ይርሳው ሾፌሩም ይፈርማል።»

«ቡሬን ትተሽ? ቤቱንስ? እናትሽንስ?»

«ምን ላድርግ? ምላስህን አሁን ከዚያ አዳራሽ አላስመልሰው።»

ክንዱ ቡሬ እስኪደርስ መቀመጫው ላይ ሲቁነጠነጥ፣ አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ ቦታው ጠበበህ? ልውረድልህ?» አሉት።