ቀጥ ብላ የማትወጣው ኳስ

ቺዙሩ ኩዋባራ በቤዝቦል ልምምድ ላይ ኳስ መሬት ለመሬት ስትልክ ዱላዋ ዓይን ያለው ይመስላል። ለፈሪው ልጅ ለስለስ ያለች፣ ለደፋሩ ከእግሩ ሥር የምትዘል፣ ለሰነፉ ሦስት እርምጃ የራቀች፤ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ታውቃለች። አንዲት ኳስ ግን አቃተቻት። ወደ ሰማይ ቀጥ ብላ የምትወጣዋ።

ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ከጨዋታ በፊት ለእያንዳንዱ ቡድን ሰባት ደቂቃ ይሰጠዋል። አሠልጣኙ ቀጭኑን ዱላ ይዞ ለልጆቹ በየተራ ይመታላቸዋል፤ እነሱም ለቅመው ይወረውራሉ። የመጨረሻዋ ኳስ የተቀባዩ ናት፤ ከመቺው ኋላ ጭምብል አጥልቆ ቁጢጥ የሚለው ልጅ ማለት ነው። ለእሱ ኳሷ ከአሠልጣኙ አናት ሽቅብ ተነሥታ እዚያው በተነሣችበት መውረድ አለባት። ዱላው የጥፍር ያህል ቢዛነፍ ወይ ከኋላ ያለው መረብ ውስጥ ትገባለች፣ ወይ ወደ ሜዳው ጥግ ትነጉዳለች፣ ወይም ጭራሽ አትነካም። ተመልካቹ የቀረውን ሁሉ ረስቶ ይህችን አንዲት ኳስ ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በወደብ መንደሯ በሺራኡራ አሠልጣኝ የሚመዘነው በእሷ ነው።

አሠልጣኝ ቶኩሺጌ ሠላሳ አንድ ዓመት በመጀመሪያው ምት ሲልኳት ኖረዋል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከባሕሩ በላይ ባለው ተዳፋት መንደሪን ያለማሉ። ኳሳቸው ስትነሣ ወደቡ ላይ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ሳይቀሩ ቀና ይሉ ነበር። ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ከዚያ አንዲት ቅጽበት ትቆማለች። መውጣትም መውረድም ያልሆነች ቅጽበት! ተቀባዩ ንቅንቅ ሳይል ጓንቲው ውስጥ ጧ ትላለች። "አቤት!" ይላል ሕዝቡ።

ባለፈው የብርድ ወቅት ግን መንደሪን ሲለቅሙ ከእርከኑ ወደቁ። ሐኪሙ ቀኝ እጃቸውን ከጆሯቸው በላይ እንዳያነሡ ከለከላቸው። ቡድኑ አሥራ አንድ ልጆች አሉት፤ አባቶቹ እሑድ እሑድም ባሕር ላይ ናቸው። ዱላውን የሚረከብ ካልተገኘ ልጆቹ ከተራራው ማዶ ካለው ቡድን ጋር ይቀላቀላሉ፤ በመኪና አርባ ደቂቃ። ከአሥራ አንዱ አምስቱ የሚያደርሳቸው ሰው የላቸውም። ለአምስቱ ቤዝቦል እዚያ ላይ ያበቃል ማለት ነው።

ዱላውን መያዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሷም ቺዙሩ ናት።

ሜዳው ላይ የመጣችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት የገብስ ሻይ ልትቀዳ ነበር። ልጇ ሹንፔ ቡድኑ ውስጥ ገብቶ ስለነበር የእናቶች ተራ ደረሳት። ቶኩሺጌ ሥራ በዝቶባቸው "እስቲ ይህችን ለዚያ ልጅ ምቺለት" አሏት። በሕይወቷ ዱላ ይዛ አታውቅም። ሃያ ዓመት ግን በፋብሪካ የተፈጨ ዓሣ ስትደልቅና ስትጠፈጥፍ የኖረ ክንድ ነበራት። ኳሷ መሬቱን እየላሰች ሄዳ ልጁ እግር ሥር ደረሰች። ቶኩሺጌ ዘወር ብለው ክንዷን አዩ፤ የሻይ ተራዋም በዚያው ቀረ።

ሹንፔ አድጎ ከቡድኑ ወጣ። ዛሬ ማትሱያማ ከተማ ፀጉር ማስተካከል ይማራል፤ ዱላ ከጨበጠ ዓመታት አልፈውታል። እናቱ ግን እዚያው ሜዳው ላይ ቀረች።

"ልጅሽ ከሄደ ስድስት ዓመት፣ አንቺ እዚያ አቧራ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" ትላታለች ማሱኤ፣ ፋብሪካ ውስጥ ከጎኗ የምትቆመው። "ድብቅ ባል አለሽ እንዴ?"

"ባል ቢሆንማ እሑድ እሑድ ይተኛልኝ ነበር።"

"ታዲያ ይከፍሉሻል?"

"ኧረ ካልሲ ያሳጥቡኛል!"

መልሱን ለራሷም አጥርታ አታውቀውም። የምታውቀው አንድ ነገር ነው። ወራት ሙሉ ኳስ ሲያመልጠው የከረመ ልጅ፣ አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ጓንቲውን ይዘረጋል፤ ኳሷም ትገባለታለች። ልጁ መጀመሪያ የሚያየው ጓንቲውን ነው፤ ሌላ ሰው ያስቀመጠበት ይመስል። ቀጥሎ ወደ ቺዙሩ ቀና ይላል። ያን ፊት ያየ ሰው፣ በሚቀጥለው እሑድ ቤቱ ቁጭ ብሎ ምን ሊያደርግ ነው?

ዱላውን ግን አልቀበልም አለች። "እንደ እርስዎ ሳልመታት ሕዝብ ፊት አልቆምም። በጸደዩ ውድድር ይሞከር፤ ካልሆነልኝ ለማዶዎቹ ይደውሉላቸው።"

ከዚያ ወዲህ በየማታው ከሥራ መልስ ከባሕሩ ግንብ ሥር ትቆማለች። ቶኩሺጌ የመንደሪን ሣጥን ገልብጠው ይቀመጣሉ። ተቀባዩ ኢቡኪ ነው፤ ጉንጩ የሞላ፣ አፉ የማያርፍ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር። ወደ ማዶ የሚያደርሳቸው ከሌላቸው ከአምስቱ አንዱ እሱ ነው።

"ትከሻሽን ልቀቂው" ይላሉ ሽማግሌው። "ዓሣ አይደለችም፣ አትደልቂያት።"

ኳሷ ወደ ጀልባዎቹ ትሄዳለች። ኢቡኪ ጭምብሉን ወርውሮ ይሮጣል። ኳሷ ወደ ድመቶቹ ትሄዳለች። ኢቡኪ ይሮጣል። ሁለቱ ባሕር ገቡ።

"አክስቴ፣ ይህችን ከባሕሩ ወዲያ ያሉት የኪዩሹ ልጆች ያገኟታል!" ይላል፤ ልጆቹ ሁሉ አክስቴ ነው የሚሏት።

"ዝም ብለህ ሩጥ!"

"እየሮጥኩ እኮ ነው! ከስቼ አለቅሁ፤ አያቴ 'ማን ነው የሚያስርብህ?' ትላለች።"

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። ከሃያ አንዷ ቀጥ ብላ ትወጣለች፤ ያቺኛዋም ለምን እንደወጣች ቺዙሩ አታውቅም።

የውድድሩ ቀን ሰማዩ የታጠበ ሰማያዊ ነበር። ስድስቱ ደቂቃ እንደ ውኃ ፈሰሰ፤ ልጆቹ እየለቀሙ ሲወረውሩ የተጋጣሚዎቹ ወላጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። "አንድ ደቂቃ ቀርቷል" አለ ማጉያው። ቺዙሩ ወደ ኢቡኪ ዞረች፤ ኳሷን በግራ እጇ ወደ ላይ ጣል አድርጋ ሰነዘረች።

ዱላው ነፋስ ቆረጠ። ኳሷ እግሯ ሥር ወደቀች።

"ዝንብ ነው የምትመታው!" አለ አንድ ልጅ ከተጋጣሚዎቹ በኩል፤ ሳቅ ተነሣ።

ሁለተኛዋ ከኋላዋ መረቡን መታች። ሦስተኛዋ ወደ ሜዳው ጥግ ነጎደች። የተጋጣሚው አሠልጣኝ ከንፈሩን መጠጥ አድርጎ "እመቤት፣ በእጅ ይወርውሩለት፤ ነውር የለውም" አለ፤ ከልቡ አዝኖላት ነው። ቺዙሩ ዱላውን ዝቅ አደረገች።

"አክስቴ፣ ምን ሆነሻል?" አለ ኢቡኪ። "መች ቀጥ ብላ መጥታልኝ ታውቃለች? አንቺ ዝም ብለሽ ምቺ። የምትሄድበት የእኔ ጣጣ ነው።"

መታች። ኳሷ ከፍ አለች፤ ግን ወደ ቀኝ ተንጋድዳ ከመስመር ወጥታ ወደ መቀመጫዎቹ በረረች። ኢቡኪ ጭምብሉን አሽቀንጥሮ ተፈተለከ። የተከመረውን ቦርሳ ዘለለ፣ የሻይ ማቀዝቀዣውን ዞረ፣ በጉልበቱ አሸዋው ላይ ተንሸራቶ እጁን ዘረጋ። ጧ! ጊዜው አለቀ። የሳቀው ወገን ሁሉ ጸጥ አለ።

ቺዙሩ ጎንበስ ብላ ለሜዳው እጅ ነሥታ ወጣች። የታያት የተንጋደደችው ኳስ ብቻ ነበረች። በጨዋታው ውስጥ ኢቡኪ አጥሩ ሥር ሊወድቁ የነበሩ ሁለት ኳሶችን አሳድዶ ሲይዝ እንኳ ልቧ እዚያው ቀርቶ ነበር። አራት ለሁለት ተሸነፉ።

ከቀትር በኋላ ዕቃውን ለማስገባት ወደ ራሳቸው ሜዳ ሲመለሱ ሽማግሌውን ነጠል አድርጋ "ይደውሉላቸው" አለች።

"ለማን?"

"ለማዶዎቹ። አልሆነልኝም፤ አይተዋል።"

ቶኩሺጌ ሣጥናቸው ላይ ተቀመጡ። "ቺዙሩ፣ በጨዋታ መሀል ቀጥ ብላ ተነሥታ ቀጥ ብላ የምትወርድ ኳስ ስንቴ አይተሻል?"

አሰበች። "አላየሁም።"

"እኔም አላየሁ። ዛሬ ኢቡኪ አጥሩ ሥር የያዛቸውን ሁለቱን ግን አየሁ። ከእኔ ተቀባዮች አንዱም እንደዚያ ኳስ አሳድዶ አያውቅም። ከየት ይማሩታል? ሠላሳ አንድ ዓመት አቁሜ ነው የያዝኳቸው።" ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። "ለልጆቹ ነው እል ነበር። ለካ 'አቤት' እንዲባልልኝ ኖሯል። እሱም ደስ ይላል፤ አልዋሽሽም፣ በጣም ደስ ይላል።"

ሽማግሌው ብድግ ብለው ወደ ኢቡኪ ሄዱ።

"ጓንቲህን አምጣ።"

"ለምን?"

"አምጣ አልኩህ! ግራ እጄ ምንም አልሆነም።" የልጁን ጓንቲ በግድ አጠለቁት። "በይ ቺዙሩ፣ ለእኔም አንዲት። እንደ ልማድሽ ምቺ።"

"ኧረ አሠልጣኝ፣ ወድቀው ይሰበራሉ!"

"ምቺ!"

ልጆቹ ዕቃውን ጥለው ከበቡ። ቺዙሩ ኳሷን ወደ ላይ ጣል አድርጋ ሰነዘረች። ኳሷም እንደ ልማዷ ተንጋደደችና ወደ ግንቡ ሄደች። ሽማግሌው ተነሡ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ከዚያ ጉልበታቸው እየተንገጫገጨ፣ አገጫቸውን ወደ ሰማይ ሰቅለው ሮጡ። እንዲህ ሲሮጡ ያየ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። ቺዙሩ ዱላውን ከፍ አድርጋ፣ ዘጠኝ ዓመት ባሠለጠነው ጉሮሮዋ ጮኸች፦

"ሩጥ! ቀና በል! ዓይንህን ከኳሷ ላይ አታንሣ፣ አንተ ሰነፍ!"

ከአፏ ከወጣ በኋላ ማንን 'አንተ' እንዳለች ገባት፤ አፏን በእጇ ያዘች። አሥራ አንዱ ልጆች እንደ ድንጋይ ደረቁ። ኳሷ ከጓንቲው ጫፍ ነጥራ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ፣ ወደ እሷ ዞሩ።

"እሺ አሠልጣኝ!" አሉ። "አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ!"

ሳቁ ወደቡ ድረስ ተሰማ። ቺዙሩም ሌላ ኳስ አነሣች።