በጓሮዬ የወጣው መዘውር

የስፌት መኪናዬ የተሰበረው ቤት ስንቀይር ነው። ከኪራይ ቤት ወጥተን ሶዶ ዳገቱ ላይ ወደ ሠራናት ቤት ስንገባ፣ ዕቃችንን የጫነው ጋሪ ወደ ኋላ ተንሸራተተና መኪናው ከነጠረጴዛው ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጠረጴዛው ተረፈ። ቀበቶው የሚዞርበት፣ በቀኝ እጄ የምገፋው መዘውር ግን ሦስት ቦታ ተሰበረ።

ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ከሆነ ያኔ ጥቂት ዓመታት ቢያልፉት ነው። እኔ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ባለቤቴ የቢሮ ሠራተኛ ነበር፤ አማቴም ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። ከሥራ መልስ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ያለ መኪናው ማታ ማታ እጄን የማደርግበት ጠፋኝ። መዘውሩን ብየዳ ቤት ወሰድኩት፤ ተበየደ፤ ግን ትንሽ ተጣሞ ስለነበር ሲዞር ይወዛወዛል፣ ክርም ይበጥሳል። ለንግድ አዲስ አበባ የሚመላለስ ጎረቤታችን መለዋወጫ ቢፈልግልኝ፣ የዚህ ዓይነቱ መምጣት ካቆመ ቆይቷል ብለውት ተመለሰ።

በላቦራቶሪያችን መደርደሪያ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ የብረታ ብረት ሥራ መጽሐፍ ነበር። ማንም አያነበውም። አንድ ቀን ፈተና እየተሰጠ ሥራ ፈትቼ ስገልጠው፣ አሉሚኒየም ከብረት በጣም ባነሰ ሙቀት እንደሚቀልጥ፣ ለዚያም ከሰልና ወናፍ እንደሚበቃ አነበብኩ። ማታ ለባለቤቴ መዘውሩን ራሴ አቅልጬ እሠራዋለሁ አልኩት። ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ምን ምን እንደሚያስፈልገኝ ጠየቀኝ።

ከአንድ ጋራዥ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ያረጁ የሞተር ፒስተኖች ለመንኩ። ያረጀ የአሉሚኒየም ድስትም ይቀልጣል፤ ፒስተን ግን ሲፈጠርም ቀልጦ የተሠራ ስለሆነ ቅርጽ ሲሞሉበት እሺ ይላል። ለማቅለጫ የሚሆን ወፍራም የቧንቧ ቁራጭ ታቹን በላሜራ ዘግተው እንዲበይዱልኝ ብየዳ ቤቱን ጠየቅኩ። መጀመሪያ ያመጡልኝ ቧንቧ በዚንክ የተለበጠ ነበርና መለስኩት፤ ዚንክ ሲግል የሚያወጣው ነጭ ጭስ ሰውን እንደሚያሳምም ላቦራቶሪ ውስጥ የዋለ ሰው ያውቃል። ምድጃውን ከትልቅ የቀለም ቆርቆሮ ሠራሁ፤ ውስጡን በጓሯችን ቀይ አፈር ለሰንኩት።

በመጀመሪያው እሳት ልስኑ ተሰነጣጥቆ ከሰሉ ላይ ወደቀ። እንደገና ለሰንኩ። ሁለተኛው ልስን ከመፍረሱ በፊት አሉሚኒየሙን አቅልጦልኝ ነበር፤ ጉዳት ያመጣብኝም እሱ ነው። የመዘውሩን ቅርጽ ያወጣሁበት የወንዝ አሸዋ ውስጡ እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ፣ ምድጃው ሳይፈርስ ልድረስ ብዬ ቸኮልኩ። የቀለጠው ነገር አሸዋውን ሲነካ ተንጣጣና እንደ ፈላ ዘይት ተፈናጠረ። እግሬ ላይ ሸበጥ ነበር። ጠብታው የእግሬ ጀርባ ላይ ያረፈበት ቦታ ዛሬም ጠባሳ አለው።

ባለቤቴ ረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰበትና ክሊኒክ ወሰደኝ። ስንመለስ በሩ ላይ ቆመና፣ "ሥራውን አልከለክልሽም። በሸበጥ ግን ሁለተኛ እሳት አጠገብ አትቆሚም" አለኝ። ልክ ነበር። ራሴ ተማሪዎቹን ያለ ጋዋን ላቦራቶሪ አላስገባም እኮ።

እግሬ እስኪድን ሳስብ የነበረው ስለ ልስኑ ነው። ገበያ ውስጥ እንስራና ድስት የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ከአማቴ ጋር የሚቀራረብ፣ ከዱቦ አቅጣጫ በእግሯ ሸክሟን ተሸክማ የምትመጣ። ድስቶቿ በየቀኑ እሳት ላይ ይጣዳሉ፤ አይሰነጠቁም። አንድ የገበያ ቀን አጠገቧ ተቀመጥኩና በወላይትኛ የገጠመኝን ነገርኳት። ከምድጃው የወደቀ የልስን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ይዤ ነበር። ተቀብላ በጣቶቿ ፈረፈረችው፣ አሸተተችውም።

"አፈሩን ብቻውን ነው ያቃጠልሽው" አለችኝ። "ገል አልፈጨሽበትም።"

የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ ካልገባበት አዲስ ጭቃ እሳት እንደማይችል አስረዳችኝ። አፈሩም ቢሆን የጓሮ አፈር አይሆንም፤ እሷ የምታወጣበት ቦታ አለ። ካሳየኋት መጥታ ታየዋለች።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ገሏንና አፈሯን በጆንያ ይዛ መጣች፤ ከአጥሩ ውጭም ቆመች። ያን ጊዜ በእኛ ዘንድ ሸክላ ሠሪን ቤት አስገብቶ አብሮ መብላት የተለመደ አልነበረም። እንስራዋን እንፈልገዋለን፤ እሷን ግን ደጅ ላይ እናቆማታለን። እኔም እንደዚያው እያየሁ ነው ያደግኩት፤ ስህተትነቱ ልቤን የነካው ግን እሷ ማንም ሳያዛት በራሷ ጊዜ ከአጥር ውጭ ስትቆም ሳይ ነው። እጇን ይዤ አስገባኋት።

እስከ ቀትር ስንፈጭና ስናቦካ ቆየን። አማቴ ቦዬ የሚባለውን ሥራ ሥር ቀቅላ ከበርበሬ ዳጣ ጋር አቀረበች፤ ለእኔና ለባለቤቴ በትሪ፣ ለእንግዳዋ ግን በእንሰት ቅጠል ለብቻዋ። አማቴ ክፉ ሰው አይደለችም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር፣ የታመመ የምትጠይቅ ሴት ናት። ያየችውን ነው ያደረገችው። እኔ ከትሪው ተነሥቼ ሄድኩና ከሸክላ ሠሪዋ ጎን መሬት ላይ ተቀምጬ ከቅጠሉ ላይ በላሁ። አማቴ ለሦስት ቀን ያህል አላናገረችኝም።

ምድጃውን በአዲሱ ጭቃ ከለሰንን በኋላ፣ ልስኑ እንዲደርቅ ሳምንታት ያስፈልገዋል አለች ሸክላ ሠሪዋ፤ በፀሐይም አይሆንም፣ በጥላ ነው። በማግሥቱ ያልጠበቅነው ዝናብ ጀመረ። ጓሮው በሙሉ ረጠበ። በቤታችን ከሁሉም ደረቅ የነበረው ወጥ ቤቱን ተጠግቶ የተሠራው የአማቴ ክፍል ነው። ባለቤቴ ምድጃውን ተሸክሞ በሯ ላይ ሲቆም ለአፍታ አየችውና አልጋዋን ወደ ግድግዳው ገፋችለት።

ከዚያ በኋላ ሸክላ ሠሪዋ በየገበያ ቀኑ እየመጣች ልስኑን በጣቷ መታ መታ እያደረገች ድምፁን ታዳምጣለች። "ገና ነው" ትላለች። ይህን ለማድረግ አማቴ ክፍል መግባት ነበረባት። መጀመሪያ ቆማ ሰምታ ትወጣ ነበር። ከዚያ አማቴ በርጩማ ሰጠቻት። ሁለቱም ልጅነታቸውን ሁምቦ በረሃ ውስጥ እንዳሳለፉ፣ ውሃ ፍለጋ ረጅም መንገድ እንደተጓዙ ሲጫወቱ ተረዱ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከክፍሉ ሳቅ ሰማሁና በሩን ገፋ አደረግኩት። ከአንድ ትሪ እየበሉ ነበር። አማቴ ቀና ብላ፣ "ምነው ቆምሽ፣ ታጠቢና ነይ" አለችኝ።

በአራተኛው ሳምንት ሸክላ ሠሪዋ ልስኑን መትታ አዳመጠችና፣ "ደርቋል" አለች።

የማቅለጡን ቀን ቅዳሜ ጠዋት አደረግነው። ነፋስ አልነበረም። ብየዳው ያጣመመውን መዘውር በሞረድ አስተካክዬ እንደ ሞዴል ተጠቅሜበታለሁ፤ አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብ ዙሪያውን በሰም ትንሽ አወፈርኩት። አሸዋውን በእፍኝ ሲጨበጥ ቅርጹን የሚይዝ ያህል ብቻ አረጠብኩ፤ ሞዴሉን ካወጣሁ በኋላ ፊቱን በፍም አደረቅኩት፤ እንፋሎት እንዲወጣበትም በብስክሌት ጎማ ራጂ፣ በቀጭኑ ሽቦ፣ ወጋጋሁት። መቆሚያችን ላይ ደረቅ አሸዋ አነጠፍን፤ የፈሰሰ ነገር ሲሚንቶ ላይ ካረፈ ሲሚንቶው ይፈነዳል።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የማውቀው መምህር የፊት መከላከያ፣ ረጅም የቆዳ ጓንትና የቆዳ ሽርጥ አዋሰኝ። የባለቤቴን ቆዳ ጫማ ተጫማሁ፣ ወፍራም የጥጥ ሱሪውንም ለበስኩ፤ ጠብታ ጫማ ውስጥ እንዳይገባም ሱሪውን ከጫማው ውጭ ለቀቅኩት። ናይሎን የሚባል ነገር ከላዬ አልነበረም፤ ናይሎን ገላ ላይ ይቀልጣል። አማቴ አየችኝና ወታደር መሰልሽ አለችኝ።

ባለቤቴ ወናፉን ያዘ። ልስኑ ቀላ፤ አልተሰነጠቀም። ሸክላ ሠሪዋ ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ፒስተኖቹ መጀመሪያ ምንም ያልሆኑ ይመስላሉ፤ ከዚያ በድንገት ጠርዛቸው ይለሰልስና ወደ ታች ይሰምጣሉ። ከላይ የተንሳፈፈውን ቆሻሻ የምገፍበትን የብረት ማንኪያ ቀድሜ እሳት ዳር አግዬው ነበር፤ ቀዝቃዛ ብረት እርጥበት ይይዛል። ማቅለጫውን በጉጠት አነሣሁ። ሁሉም ወደ ኋላ እንዲሉ ነገርኳቸው። አንድ ጊዜም ሳላቋርጥ፣ መሙያው ቀዳዳ እስኪሞላ ድረስ አፈሰስኩ።

አልተንጣጣም። ከራጂው ቀዳዳዎች ትንሽ እንፋሎት ወጣና አበቃ።

እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ ማንም ቤት አልገባም። አሸዋውን ስሰብር መጀመሪያ የመዘውሩ ጠርዝ ወጣ፣ ከዚያ ክንዶቹ፣ ከዚያ እምብርቱ። ሙሉ ነበር። የቀበቶው ቦይ እንኳን ሳይጎድል ወጥቷል። ወደ ላይ አንሥቼ ያዝኩት፤ ባለቤቴ ወናፉን ጥሎ አቀፈኝ። አማቴ እልልታ ስታሰማ የጎረቤት ሰዎች ልጅ የተወለደ መስሏቸው ከአጥር በላይ ብቅ አሉ።

ፒስተኖቹን የሰጠኝ የጋራዡ ሰው እምብርቱን በማሽን በሳልኝ፣ ጠርዙንም አስተካከለልኝ። ሰኞ ማታ መኪናው ላይ ገጠምኩትና ፔዳሉን ረገጥኩ። ከድሮው ቀሎ፣ ሳይወዛወዝ ዞረ። የመጀመሪያው ስፌት ለሸክላ ሠሪዋ የሠራሁት ቀሚስ ነው። ጨርቁን የመረጠችው አማቴ ናት።

ወሬው እኛ ካሰብነው በላይ ራቀ። ከገሱባ አንድ ባለ ወፍጮ የተሰበረ መዘውር በጆንያ ይዞ መጣ፤ ለእሱም ሠራንለት፤ ወፍጮው በዚያው ሳምንት ተነሣ። ከዚያ ጓንቱንና ሽርጡን ያዋሰኝ የቴክኒክ ትምህርት ቤቱ መምህር ሥራውን ለተማሪዎቹ እንዳሳይ ጠየቀኝ። ሸክላ ሠሪዋ ካልመጣች አልመጣም አልኩት። ሁለታችንንም ጠራን።

ክፍሉ ውስጥ ከሌላ አካባቢ የመጡ ተማሪዎች ስለነበሩ እሷ በወላይትኛ ስትናገር እኔ ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳለች። ስለ ገል፣ ስለ አፈሩ፣ በጥላ ስለ ማድረቅ ነገረቻቸው። መምህሩ ራሱ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። አንድ ተማሪ እጁን አነሣና፣ "መምህርት፣ መድረቁን በድምፅ እንዴት እንለያለን?" ብሎ ጠየቃት። "መምህርት" ብሎ እንደጠራትም ጭምር ተረጎምኩላት። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ሁሉም ይዛው ወደ መጣችው ጭቃ ቀርበው እጃቸውን እንዲያስገቡ አዘዘቻቸው። አንድም ሳይቀር ተነሥተው መጡ።