እናቴ የያዘችው ቁልፍ

ሐኪሙ አፌን አይቶ «ልጅ ሆነሽ ጣትሽን ትጠቢ ነበር?» ሲለኝ፣ አጠገቤ የነበረችው እናቴ አንገቷን ደፋች። እሷ ቡራዩ ገበያ ጎመን ስትሸጥ እኔን ያባበለኝ አውራ ጣቴ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝም ላንቃዬ ጠባብ፣ ጥርሶቼ የተደራረቡ ነበሩ፤ ጉንጬን ሳልነክስ እህል አላምጬ አላውቅም።

ላንቃ የሚያሰፋ ብረት አሰረልኝ። መሃሉ ላይ ያለችው ብሎን በቀን አንዴ በትንሽ ቁልፍ ትዞራለች። «በዕድሜሽ አጥንቱ ገጥሟል፤ ላይከፈት ይችላል። ካመመሽ ወይ ጥርስሽ ወደ ውጭ ካዘመመ አቁሚና ቶሎ ነይ» አለኝ። አልሰማሁም ብዬ አልዋሽም።

ቁልፉን ግን እናቴ ወሰደችው። «እኔ ያጣመምኩትን እኔው ላቃናው» አለች። እስቲ እንዲህ ያለችን እናት ማን እምቢ ይላታል? ጠዋት ጠዋት፣ ታክሲ ከመያዜ በፊት፣ በሩ ጋ ታስቀምጠኝና መነጽሯን አድርጋ «አይዞሽ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ» እያለች ታዞራለች። ስትጨርስ ፊቷ ይፈካል። ያን ፊት ካየሁት ስንት ዘመኔ!

በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ እስከ ዓይኔ ወጣ። የፊት ጥርሶቼ መሃል ይከፈታል የተባለው ክፍተት የለም፤ የጎኖቹ ግን ወደ ጉንጬ ተጋደሙ፣ ድዴም ሸሸ። «አመመሽ እንዴ?» ስትለኝ «ኧረ ምንም!» እላለሁ። ቀጠሮውንም በመንገድ መዘጋጋት አሳብቤ አሳለፍኩት። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰውዬ ጥርሱን አሞት አያውቅም መሰለኝ። ከገዛ እናት ጋር ደሞ ምን ይሉኝታ አለ? እኔ ሞኟ!

አንድ ጠዋት ስታዞር ጥርሴ ሲነቃነቅ በጣቷ ተሰማት። ደንግጣ እጇን ሳበች። የዚያኑ ቀን ሐኪሙ ብረቱን ፈታ፤ የተገፉት ጥርሶቹ ናቸው እንጂ አጥንቱ አልተከፈተም። ሁለት ጥርሶቼን ማትረፍ አልቻለም። «ለምን አልተናገርሽም?» ብሎ ተቆጣኝ። እናቴ «እጄ ይቆረጥ!» ትላለች። ደብቄሽ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ስንቴ ማልኩላት!

«እናት ሳይነገራት ታውቃለች» አለች።

ለፋሲካ ዶሮው ቀርቦ ገበታውን ከበብን። ወንድሜን አጎረሰች፤ ልጆቹን አጎረሰች። እኔ ጋ ስትደርስ ጉርሻውን አሳንሳ ጠቀለለችና እጇ መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ እንጀራው ላይ፣ ከፊት ለፊቴ አስቀመጠችው። «ብዪ» አለችኝ፣ ሳታየኝ። እኔ አፌን ከፍቼ እየጠበቅኳት ነበር።